የበዛብህ ስለትና የስደተኛው ስለት

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ብዙ የተባለለትና ብዙ የተጻፈለት መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ዛሬ እንደ ገና ስለ እሱ ብዕር ማንሣት በተወቃ አውድማ ላይ በሬ እንደ መንዳት ሊቆጠር ይችላል። እኛም ይህን አልዘነጋንም። ይሁን እንጂ እስካሁን ያነበብናቸው ትንተናዎች በአብዛኛው በሦስት ጉዳዮች ዙሪያ የሚመላለሱ ናቸው፤ እነሱም የባላባቱ ሥርዓት ግፍ፣ የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር አሳዛኝ ፍጻሜና የጉዱ ካሳ አርቆ አሳቢነት ናቸው። ሦስቱም በመጽሐፉ ውስጥ መኖራቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን መጽሐፉ በስደት አገር ሲነበብ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል ብለን እናምናለን። ሰው ኑሮው እንዳሰበው ሳይሆንለት ሲቀር ያለውን ኑሮ ይኖረዋል ወይስ የሚፈልገው ኑሮ እስኪመጣ ድረስ ያሳድረዋል? ይህ ጥያቄ ለአንባቢዎቻችን የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

መልሱን መፈለግ የምንጀምረው ብዙ ሐያሲ እንደ መንደርደሪያ ብቻ ቆጥሮ ከሚያልፋቸው የመጀመሪያ ምዕራፎች ነው። መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማው፣ ወይም ከዚያ የተቀዳውን ካሴት በባዕድ አገር እያስጮኸ ያደመጠው ሰው፣ ሲጠየቅ በቶሎ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ሞትና ልቅሶ ነው። ስለ ውድነሽ በጣሙና ስለ ቦጋለ መብራቱ የሚያነሣ ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት ግን የመጽሐፉ ክርክር የሚጀምረው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ውድነሽ ያገባቻቸው ባሎች ተከታትለው የሞቱባት ሴት ናት። መንደርተኛው የባሎቿን ሞት ከእሷው ጋር ያያይዘዋል፤ የሰው አፍ ገደ ቢስ ከሚላቸው ሴቶች ተራ ያሰልፋታል። እሷም ሰው ናትና የሚወራባትን ከማመን አትርቅም፤ ከእንግዲህ ወዲህ ባል ላለማግባት፣ ሌላ ሰው ላለማስገደል ትቆርጣለች። ቦጋለ በበኩሉ ሀብትም የዘር ስምም የሌለው፣ ጉልበቱን ብቻ ይዞ የሚኖር ድኻ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች ይጋባሉ። ከመጋባታቸው በፊት መርገሙ ስለ መነሣቱ ማረጋገጫ የሰጣቸው የለም። የቦጋለ ድኽነት አልተወገደም፤ የውድነሽም ፍርሃት አልለቀቃትም። ፍርሃታቸውን ይዘው፣ ድኽነታቸውን ይዘው፣ የመንደሩን ሐሜት ተሸክመው ጎጆ ወጡ። ደራሲው ይህን እንደ ጀግንነት አድርገው አያወሩልንም፤ እንደ ማንኛውም የገጠር ትዳር በእርጋታ ይተርኩታል። ምናልባትም ሐያስያን ሳያዩት ያለፉት ደራሲው ስላላጋነኑት ይሆናል።

ዳሩ ግን ያው ባልና ሚስት ልጅ ሲወልዱ ድፍረታቸው ከዳቸው። በዛብህ በሕፃንነቱ በሽታ ይመላለስበታል፤ ወላጆቹም ልጁ ቢተርፍላቸው ትዳር ሳይዝ፣ ከዓለም ተለይቶ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ይሳላሉ። ልጁም ይድናል። ከዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ስለት በአገራችን የተለመደ ነገር ነው። ሰው ጧፍ ይሳላል፣ ጥላ ይሳላል፣ ወይፈን ይሳላል፤ የተሳለውን አግብቶ ይገላገላል። ውድነሽና ቦጋለ የተሳሉት ግን የራሳቸውን ሀብት አይደለም። የልጃቸውን ነፍስ ለማስመለስ የልጃቸውን ኑሮ መያዣ ሰጡ። በዛብህ ከሞት አመለጠ እንጂ ሕይወትን አልተረከበም፤ እስኪሞት ድረስ በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ሆነ።

የስለትን ነገር በሚገባ ለመረዳት ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ማነጻጸር ይጠቅማል፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሱት ደራሲም እነዚህን ታሪኮች አሳምረው እንደሚያውቁ አያጠራጥርም። ሐና ልጅ ብትወልድ ለእግዚአብሔር ልትሰጥ ተሳለች፤ የወለደችው ሳሙኤልም በቤተ መቅደስ አደገ፣ ነቢይና ፈራጅ ሆነ፣ ልጆችም ወለደ። ስለቱ ሳሙኤልን ከሕዝቡ መካከል አላወጣውም፤ ይልቁንም በሕዝቡ መካከል አቆመው። በመጽሐፈ መሳፍንት ያለው ዮፍታሔ ግን በጦርነት ድል ቢቀናው ከቤቱ ወጥቶ የሚቀበለውን ሊሠዋ ተሳለ፤ የተቀበለችውም አንዲት ልጁ ሆነች። ልጅቱ የጠየቀችው የሁለት ወር ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱንም በተራራ ላይ ስለ ድንግልናዋ አለቀሰችበት፤ ማለትም ስላልኖረችው ኑሮ። የበዛብህ ስለት ስሙ የሐና፣ ግብሩ ግን የዮፍታሔ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዲያቆን አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ቀሰሶ ማገልገሉ የታወቀ ስለ ሆነ፣ አገልግሎትና ትዳር በራሳቸው ጠላቶች አይደሉም። ጠላትነቱን የፈጠረው የወላጆቹ ፍርሃት ነው።

በድማ ጊዮርጊስ የሚገኘው ሌላው ቤት ደግሞ ስለት ሳይሳል ስለተኛ የሆነ ቤት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥናት ባል ይጠብቃሉ። የሚመጣው ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የአንዱ አባት ይታወቃል የአያቱ አይታወቅም፣ የሌላው ዘር ይገኛል ክብሩ ይጠፋል፤ በዚህ መካከል የልጅቱ ዕድሜ ይገፋል። ፊታውራሪ ክፉ አባት ስለ ሆኑ አይደለም። ልጃቸውን ይወዷታል፤ ነገር ግን ፍጹም የሆነውን እስኪያገኙ ድረስ በእጃቸው ያለውን ሁሉ ይመልሳሉ። በመጨረሻም የሚስማሙበት ሰው ሲገኝ እርጅና የተጫናቸው ፊታውራሪ አሰጌ ይሆናሉ። ፍጹሙን የሚጠብቅ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚያገኘው ምን ዓይነት ሲሳይ እንደ ሆነ ደራሲው ከዚህ በላይ በሚያስቅና በሚያሳዝን ሁኔታ ሊያሳዩን ባልቻሉም ነበር።

እንግዲህ በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ወደዚያ ቤት ሲገባ ሁለት የታገደ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ተገናኙ ማለት ነው። እሱ በወላጆቹ ስለት፣ እሷ በአባቷ የዘር ቆጠራ ታስረዋል። ከመጽሐፉ ሁሉ እኛን ደስ የሚያሰኘን ክፍል ይህ ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ ሁለቱም አያውቁም፤ ስለ ነገ ቢያስቡ ፊደሉን ማስቆጠርም ሆነ መቁጠር ከንቱ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ይካሄዳል። ከንባቡ መካከልም ያላሰቡት ነገር ይበቅላል። ብዙዎች ይህን የፍቅር መነሻ ብቻ አድርገው ያዩታል፤ እኛ ግን ሁለቱ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ ኖሩ የምንለው በዚህ ጊዜ ነው እንላለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሽሽት፣ ፍለጋና ሞት ነው።

ወደ ጉዱ ካሳ እንምጣ። ካሳ ዳምጤ ከመኳንንቱ ወገን ሆኖ ሳለ የመኳንንቱን ሥርዓት በአደባባይ የሚነቅፍ፣ የተማረ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው። «ጉዱ» የተባለውም ሌላው ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበለውን እሱ እንደ ሰው ሥራ ስለሚቆጥረውና ሊፈርስ እንደሚችል ስለሚናገር ነው። የተማረው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሰው ከሁሉ አስበልጦ ወደደው፤ መውደዱም የሚገባ ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ከወጡ በኋላ በዓመቱ የታተመ መጽሐፍ እንደ መሆኑ መጠን፣ የ1960ዎቹ ትውልድ ጉዱ ካሳን እንደ ራሱ ቀዳሚ ሐዋርያ ቢቆጥረው አያስገርምም።

ነገር ግን ትውልዱ ከጉዱ ካሳ የወሰደው ግማሹን ብቻ ነው። ካሳ ተናጋሪ ብቻ አልነበረም። ዘመዶቹ ከደረጃቸው በታች የሚቆጥሯትን ሴት አገባ፤ ስለዚህም መሳቂያና መሳለቂያ ሆነ። በቃሉ የነቀፈውን የዘር ግንብ በትዳሩ ጣሰው። ደግሞም ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት አልራቀም። የሚነቅፈውን ቤት እየገባ እየወጣ፣ ከሚነቅፋቸው ሰዎች ጋር ማዕድ እየቆረሰ፣ ሰብለንና በዛብህን እየመከረ ኖረ። ሥርዓቱ እስኪለወጥ ድረስ አላገባም አላለም፤ ዘመዶቼ እስኪሻሻሉ ድረስ ደጃቸውን አልረግጥም አላለም። እኛ የጉዱ ካሳን ምላስ ወረስን፤ ትዳሩን ግን አልወረስንም።

ይህ የምላስ ውርስ ምን እንደሚመስል ለማየት በ1962 ዓ.ም. የታተሙ ሁለት ልቦለዶችን መጥቀስ ይበቃል። የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ሁሉን የሚተነትን፣ በሚተነትነው ኑሮ ውስጥ ግን እጁን ለማስገባት የሚያመነታ ወጣት ምሁር ነው፤ የመጽሐፉም ገጾች በንግግር የተሞሉ ናቸው። የበዓሉ ግርማ አበራ ወርቁ ደግሞ በመንግሥት ሥራውና በሠዓሊነት ምኞቱ መካከል ሲዋልል እናገኘዋለን፤ ሕይወት ሁልጊዜ ርእሱ እንደሚለው ከአድማስ ባሻገር ናት። ሁለቱ ደራስያን በዚያው ዓመት፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ የተማረውን ሰው በሽታ በአንድ ዓይነት መመርመራቸው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለንም። እዚህ ላይ በሰፊው አንገባበትም፤ ራሱን የቻለ ጥናት የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው።

አሁን ስለ ራሳችን ጥቂት ማለት ግድ ይሆናል። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ አገሩን ለቆ የወጣው ምሁር፣ በሱዳን በረሃ በእግሩ የወጣውም ሆነ ለትምህርት ተልኮ በዚያው የቀረው፣ ማንም ሳያስገድደው አንድ ስለት ተስሏል። «መንግሥቱ እስኪለወጥ» አለ፤ እስከዚያው ድረስ ቤት አልገዛም፣ የከተማውን ምክር ቤት ምርጫ አልመርጥም፣ የአገሩን ቋንቋ ለሥራ ከሚበቃኝ በላይ አላጠናም፣ መጽሐፌን አገሬ ገብቼ እጽፈዋለሁ አለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ተለወጠ፤ ስለቱ ግን አልተፈታም፤ የመጣው የተጠበቀው ስላልሆነ ስሙን ቀይሮ ቀጠለ። በ2010 ዓ.ም. እንደ ገና ተስፋ ተደረገ፤ ሻንጣቸውን አንሥተው የገቡም ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ስለቱ ታደሰ። እንዲህ ሲል ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ።

የዚህ ስለት ዋጋ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው ሰው ባልጠበቀው ስፍራ ነው። አገሩን እጅግ የሚወደው አባት፣ ስለ አገሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር የሚያነጋው አባት፣ ልጁን አማርኛ አላስተማረም። አገር ስንገባ ይለምደዋል ብሎ አሳደረው። ልጁ አሁን አድጎ የራሱን ልጆች ወልዷል፤ የአያታቸውን ቋንቋ የማያውቁ ልጆች። ይህ አባት ከዳተኛ አልነበረም። እንደ ቦጋለና እንደ ውድነሽ ከፍቅሩ የተነሣ የገዛ ልጁን ኑሮ መያዣ ሰጠ እንጂ። ከዚህ በተቃራኒ እምብዛም ክርክር የማይወዱ እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በተከራዩት አዳራሽ ልጆች ሰብስበው ሀሁ ሲያስቆጥሩ እናያለን። መጽሐፉ የለም፣ መምህሩ አልሠለጠነም፣ ልጆቹም አይወዱትም፤ ግን ይቆጠራል። እኛ ምሁራን ይህን ሥራ «የማኅበረሰብ ጉዳይ» ብለን ለሌላ ሰው መተዋችን ከሚያሳፍሩን ነገሮች አንዱ መሆን ነበረበት።

ወደ ዐረብ አገሮች የሄዱትን እኅቶቻችንን ሳናነሣ ብናልፍም ፍርዳችን የጎደለ ይሆናል። በቤይሩት፣ በጅዳ ወይም በኩዌት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ከእኛ ጋር ስትነጻጸር ነፃነቷ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሥራ ለመለወጥ እንኳ የአሠሪዋ ፈቃድ ሊያስፈልጋት ይችላል። ሆኖም ዕቁብ ትጥላለች፣ የታመመች ጓደኛዋን ትጠይቃለች፣ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ ትልካለች፣ ዕረፍት ባገኘችበት ቀን ቡና ታፈላለች። የምትኖረው ኑሮ ጉድለት እንዳለበት ከእሷ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ጉድለቱን ማወቋ ግን ከመኖር አላገዳትም። ይህን የምንለው ግፉን ለማስዋብ አይደለም፤ ግፉ ግፍ ነው። የምንለው እኛ እንደ ምክንያት የምናቀርበው የሁኔታዎች አለመመቸት ለእሷ ምክንያት እንዳልሆነላት ነው።

ከዚህ ላይ በጎ አሳቢ አንባቢ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊያነሣብን ይችላል። በስደት ኑሮ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት ያሳደደንን ግፍ እንደ መርሳት፣ ለበደለኛውም ይቅርታ እንደ መስጠት አይሆንም ወይ? ሻንጣን ሳይፈቱ መኖር ራሱ የተቃውሞ ምስክርነት አይደለምን? ተቃውሞው ክብር ያለው ነው። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ያረፉ ሰዎችን አውቀናል፤ አንዳንዶቹ ከእኛ የበለጡ ሰዎች ነበሩ፤ በእነሱ ላይ የምንፈርድበት አፍ የለንም።

ነገር ግን መጽሐፉ ራሱ ለዚህ ተቃውሞ መልስ አለው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡት እነማን ናቸው? በዛብህ አይደለም። በዛብህ የተማረ ነው፣ ግፉን ያያል፣ ግፉም በራሱ ላይ ይደርሳል፤ ሲደርስበት ግን መሄጃው ሽሽት ነው። የሚነሡት አበጀ በለውና ገበሬዎቹ ናቸው። ከልማድ በላይ የተጠየቁትን እንቢ ብለው ፊታውራሪን እስከ መማረክ ይደርሳሉ። ለምን እነሱ? ኑሮ ስላላቸው ይመስለናል። የሚያርሱት መሬት፣ የሚያሳድጉት ልጅ፣ የሚወቁት እህል ስላላቸው፣ ያ ኑሮ ሲነካ የሚነካው የራሳቸው ነገር ነው። ገና ያልጀመረውን ኑሮ ሊከላከል የሚነሣ ሰው የለም። እንደ እኛ አመለካከት ስለተኛ ሰው ብዙ ሊናገር ይችላል፤ ለመነሣት ግን የሚቆምበት መሬት ያጣል። የስደት ፖለቲካችን ለብዙ ዓመታት በመግለጫና በመከፋፈል የተመላ ሆኖ የመቆየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ይሆን ብለን እንጠይቃለን። ሌሎች ምክንያቶች እንዳሉ አንዘነጋም።

በአገራችን የትምህርት ባህል ውስጥም ስደትን በሌላ ዐይን የሚያይ ልማድ አለ። የቆሎ ተማሪ ገና በልጅነቱ ከእናት አባቱ ቤት ይወጣል፤ አንዳንዱም ሳይሰናበት ይጠፋል። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ መምህር አለ ወደተባለበት ሁሉ አገር ለአገር ይዞራል። ማታ ማታ በውሻ እየተነከሰ «ስለ እመቤቴ» እያለ ይለምናል፤ ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ሣር ክዳን ወዳላት ጎጆው ይመለሳል። ይህ ልጅ አገሬ ስገባ እማራለሁ ቢል ኖሮ የአገራችን ሊቃውንት ከየት ይወጡ ነበር? ጎጆዋ እንደማትበረክት ያውቃል፤ እንደምትፈርስ እያወቀ ጣሪያዋን በደንብ ይከድናል፤ ዝናብ ዛሬም ይዘንባልና። በዛብህም በድማ የተማረው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ደራሲውም ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ያለፉ ናቸው። የቆሎ ተማሪው ኑሮ ከማንኛውም ስለት ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌ ነው። እንዲያውም የዚህ መጽሐፍ በዛብህ ሁለት ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ አንደኛው የወላጆቹ ስለተኛ፣ ሁለተኛው የቅኔ ተማሪው። ሰብለን ያስተማራት ሁለተኛው ነው፤ አባይ ተሻግሮ የሞተው አንደኛው።

አሁን ደግሞ ከደራሲው ጋር የምንለያይበት ነጥብ ላይ ደረስን። በመጨረሻው ክፍል በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ በመንገድ ላይ በወንበዴዎች ይቆስላል፤ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ስትፈልገው ደርሳ ታገኘዋለች፤ ያገኘችው ግን ሊሞት ሲል ነው። ከሞቱ በኋላ እሷ ትመነኩሳለች፤ ካሳም ይመነኩሳል። ልብ በሉ፤ በዛብህ ሊፈጽመው ያልቻለውን ስለት ሁለቱ ወዳጆቹ ፈጸሙለት። ስለቱ ባለዕዳውን ቢያጣ ዋሶቹን ያዘ። እንደ ልቦለድ ጥበብ ይህ ታላቅ አጨራረስ ነው፤ የሰብለም ምንኩስና በኀዘኗ ልክ ስለ ሆነ አይጎረብጠንም። የመነኩሴ ልብስ መጀመሪያ ለማምለጫ የለበሰችው መሆኑ፣ በኋላ ግን የእውነት ልብሷ መሆኑ፣ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ከሚገኙት ምርጥ ዘዴዎች አንዱ ነው።

የካሳ ምንኩስና ግን አያሳምነንም። ዕድሜውን ሁሉ በሰው መካከል ቆሞ የተከራከረ፣ የመንደሩን ሳቅ ችሎ ያገባ ሰው፣ በመጨረሻ ከሰው መካከል እንዲወጣ መደረጉ የራሱን ጠባይ የሚቃረን ነው። ደራሲው አንባቢውን በአንድ መቃብር ዙሪያ ለመሰብሰብ ሲሉ ከሁሉ ይልቅ የሚኖረውን ሰው ለስለቱ አሳልፈው የሰጡት ይመስለናል። ምናልባት በ1958 ዓ.ም. በነበረው ኢትዮጵያ እንደ ካሳ ያለ ሰው ሌላ መውጫ አልነበረውም ይባል ይሆናል። ይህን መልስ እንዳንቀበል የሚያደርገን የራሳቸው የደራሲው ሕይወት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙና እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ቅርብ ጊዜ ድረስ በግዞት ቆዩ። የወጣትነታቸውን ምርጥ ዓመታት የበላው ይህ ግዞት ነው። ከዚያ ሲመለሱ ያገኙት መንግሥት ልባቸው የሚፈልገው ዓይነት እንዳልነበረ የጻፉት ልቦለድ ራሱ ይመሰክራል፤ በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የጻፉት መጽሐፍም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሆኖም በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በለንደን አምባሳደር፣ በአገር ውስጥም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። ጎዶሎውን መንግሥት እያገለገሉ፣ ጉድለቱን የሚያሳይ መጽሐፍ በዚያው መንግሥት ዘመን፣ በራሳቸው ስም አሳተሙ። ከዚያም በኋላ አብዮቱ መጥቶ የጻፉለትን ዓለም ሲገለብጠው ብዕራቸውን አልሰቀሉም፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልም ዣት» በ1980 ዓ.ም. ታተሙ። በ1996 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በሦስት መንግሥታት ሥር ኖሩ። አንዱም እንደ ፈቀዱት አልነበረም። ማለትም ደራሲው ራሳቸው ጉዱ ካሳን ቢሆኑ ኖሮ አይመነኩሱም ነበር ማለታችን ነው።

በመጨረሻ ለወጣት ተመራማሪዎች አንድ የጥናት ርእስ ለመጠቆም እንወዳለን። ስለ ሰብለና ስለ በዛብህ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ካሳም ከዚያ ባላነሰ። ካሳ ያገባት ሴት ግን በመጽሐፉ ውስጥ የተሰጣት ቦታ ጥቂት ነው፤ በሂስ ውስጥ የተሰጣት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የመኳንንቱ ወገን የሆነ ባሏ ጉድ ሲባል የሰማችው እሷ ናት፤ ጉድ ያስባለችው እሷ መሆኗንም ታውቃለች። በየዕለቱ እንጀራ ጋግራ፣ ወጥ ሠርታ፣ በእሷ ምክንያት የሚሳለቁበትን ሰው ቤት ትይዛለች። ባሏ ስለ ሰው እኩልነት ሲናገር ደጅ የተሰበሰበው ሰው ይስቃል፤ ያ ንግግር እውነት መሆኑ የሚታየው ግን እሷ እሳት በምታነድበት ጓዳ ነው። ስለ እሷ የተነገረው ጥቂት ዐረፍተ ነገር ተሰብስቦ በሚገባ ቢጠና፣ የጉዱ ካሳ አስተሳሰብ ከየት እንደ መነጨና ያለ እሷ ምን ያህል ሊቆም ይችል እንደ ነበር አሁን ከምናውቀው የተሻለ ለማወቅ እንችላለን።